እትብታችንና የቆሰለው ልብ



ውድ አንባቢያን፣ አንድ ሰው ተወልዶ ያደገበትን ቀዬ ስንጠራ «እትብቱ የተቀበረበት» እንላለን። አባባሉ ለወግ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። በእኛ በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ደጋዎች እናት በቤቷ ትወልድ በነበረበት ዘመን እንግዴ ልጁና እትብቱ በጓሮ ጥግ አፈር ይለብስ ነበር። ሥራውን የጨረሰ ነገር ስለሆነ በክብር ይሸኛል እንጂ ከዚያ በኋላ ይፈለጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዛሬ ግን ሥራውን ጨረሰ ከምንለው እትብት የሚወጡ ሕዋሳት በድንገተኛ ሕመም የቆሰለ ልብን ለመርዳት እየተሞከሩ ነው። ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ተራራውን ወጥቶ እኛም ዘንድ ደርሷል። ወሬ ደግሞ በጉዞው ይወፍራል። «ይሞከራል» የተባለው «ያድናል» ይሆናል፤ «ለጥቂቶች» የተባለው «ለሁሉም» ይሆናል። የታመመ ወላጅ ያለው ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ምን ማድረግ አለበት? ይህ ጥያቄ በቤታችን ስለ ደረሰ፣ መልሱን ስንፈልግ ያገኘነውን ለሌሎች ቤተሰቦች ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ልብም ይርበዋል

ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። እኛ ስንተኛ እርሱ አይተኛም። ብዙዎቻችን ልብ ውስጡ ደም የሞላበት ስለሆነ ከዚያው የሚመገብ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ልብ ምግቡን የሚያገኘው በላዩ ላይ እንደ ሐረግ ተጠምጥመው ወደ ሥጋው ከሚገቡ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ነው።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ኢብኑ ነፊስ ነበር። ደማስቆ ተምሮ፣ ካይሮ ሲያክምና ሲያስተምር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1288 እዚያው ያረፈው ይህ ዓሊም የኢብኑ ሲናን የሕክምና መጽሐፍ ሲያብራራ ሁለት ነገሮችን ጽፎ ነበር። አንደኛው፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረው በሳንባ ዞሮ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልብ የሚመገበው በራሱ አካል ውስጥ በተዘረጉ ቧንቧዎች መሆኑን ነው። ጽሑፉ ለዘመናት ከሰው ዓይን ተሰውሮ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን አገር ይማር የነበረ ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባለ ግብፃዊ በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አግኝቶት ለዓለም አሳወቀው።

እነዚያ ቀጫጭን ቧንቧዎች በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር በሽታ፣ በትምባሆና በስብ ብዛት ውስጣቸው እየጠበበ ይሄዳል። አንድ ቀን የስቡ ክምር ይሰነጠቅና በላዩ ላይ ደም ይረጋል። ቧንቧው ይደፈናል። ከዚያ ቧንቧ በታች ያለው የልብ ጡንቻ ይራባል፤ በሰዓታት ውስጥም ይሞታል። ሐኪሞች ሀርት አታክ የሚሉት ይህንን ነው። በአንድ ከባድ ሕመም እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርስ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እጃችን ቢቆረጥ ቆዳው ይገጥማል፤ አጥንታችን ቢሰበር ይጠገናል። የሞተ የልብ ጡንቻ ግን በጡንቻ አይተካም፤ በጠባሳ ይተካል እንጂ። ጠባሳ ደግሞ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ አይመታም። በስዊድን የካሮሊንስካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት የሰው ልብ ሕዋሳቱን ጨርሶ አያድስም አይባልም፤ ነገር ግን በ25 ዓመት ዕድሜ የሚታደሰው በዓመት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በ75 ዓመት ዕድሜ ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። እንዲህ ያለው ዝግተኛ እድሳት በአንድ ቀን የጠፋውን ቢሊዮን ሊመልስ አይችልም። እንግዲህ የልብ ሐኪሞች ሁሉ ሕልም ይህን ጠባሳ መልሶ ጡንቻ ማድረግ ነው።

በቤታችን የደረሰው

አባታችን በማርና በቆዳ ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ የሚጫን ነገር ያዛቸው። «ጨጓራዬ ነው፤ ያልፋል» አሉ። እናታችን ግን ግንባራቸውን በእጇ ዳስሳ «ጨጓራ እንዲህ ላብ አያስጠምቅም፤ ተነሡ» አለች። ሆስፒታል ወሰድናቸው። የልብ ምት የሚያነበው መሣሪያ ነገሩን ገለጠው። መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ከዚያም ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ተላኩ።

ከሰቆጣ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አባታችን በአላህ ፈቃድ በሕይወት ደረሱ፤ ሆኖም የተራበው ጡንቻ አልጠበቃቸውም። በልብ አልትራሳውንድ ሲታዩ ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላይ ሲገፋ፣ የእርሳቸው 30 በመቶ ብቻ ይገፋ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ዳገት ይወጡ የነበሩት ሰው ከመኝታ ቤት እስከ ደጃፍ ሲሄዱ ማረፍ ጀመሩ።

በዚህ መካከል ነበር በዓረብ አገር የምትኖር አክስታችን በስልክ «ስቴም ሴል የሚባል ሕክምና አለ፤ የሞተ ልብ ያድሳል» ብላ የላከችልን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደላላ ተገኘ። ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ በሁለት ሳምንት ውስጥ አባታችንን አክሞ እንደሚመልስ ነገረን። የጠየቀው ገንዘብ ቤታችን ቢሸጥ የሚያወጣውን ያህል ነበር። ያ ቤት የአባታችንም የእኛም እትብት የተቀበረበት ነው።

ከመካከላችን «አባት ከሞተ በኋላ ቤት ምን ይሠራል? ይሸጥ» ያለ ነበር። «እናታችንን ሜዳ ላይ አውጥተን አባታችንን እናድናለን ወይ?» ያለችም ነበረች። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው። እናታችን ምንም አልተናገረችም፤ ቡናውን እየቀዳች ታዳምጣለች። በመጨረሻ አባታችን «ከመሸጣችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ ቆዳ ስገዛ እንኳ ገልብጬ አይቼ ነው» አሉ። እኛም ጥየቃውን ጀመርን።

ግንደ ሕዋስ ምንድን ነው?

ስቴም ሴል በአማርኛ ግንደ ሕዋስ ሊባል ይችላል። ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ፣ ራሱን እያበዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ ማለት ነው። በመቅኔያችን ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ደማችንን በየዕለቱ ይሠራሉ። የእነዚህ ጥቅም የተረጋገጠ ነው። የደም ካንሰር ያለበት ሰው የሌላ ሰው መቅኔ ተሰጥቶት ሊድን እንደሚችል ያሳየው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ታዲያ መቅኔ ደምን የሚሠራ ከሆነ ልብንስ አይሠራም ወይ? ጥያቄው ብልህ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፒዬሮ አንቬርሳ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በመቅኔ ሕዋሳት የአይጥ ልብ መልሶ ጡንቻ እንዳበቀለ በታዋቂው ኔቸር መጽሔት ጻፉ። ዓለም ተደነቀ። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በዱሰልዶርፍ ከተማ የፕሮፌሰር ሽትራወር ቡድን የበሽተኛን የራሱን መቅኔ ሕዋስ ወደ ልቡ ቧንቧ መስጠት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ በሽተኞች ሙከራውን አልፈዋል።

ሰነዱስ?

እኛ ሙስሊሞች አንድ ንግግር የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነው ሲባል ዝም ብለን አንቀበልም። «ሰነዱ ምንድን ነው? ማን ከማን ሰማ? አስተላላፊው ታማኝ ነው ወይ? ሌላስ ያስተላለፈው አለ ወይ?» እንላለን። ቀደምት ዑለማዎቻችን ለአንድ ንግግር ማረጋገጫ የወራት መንገድ ተጉዘዋል። የሕክምና ዜናም ሰነድ አለው። ይህንኑ ሚዛን ይዘን ስንመለከተው ነገሩ እንዲህ ሆኖ አገኘነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት ሌሎች ቡድኖች የአንቬርሳን ሙከራ ደግመው ሠሩት። የመቅኔው ሕዋስ ደም እንጂ የልብ ጡንቻ አልሆነም። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትና የብሪገም ሆስፒታል ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች የተፈበረከ ወይም የተዛባ መረጃ ስላለባቸው እንዲሰረዙ መጽሔቶቹን ጠየቁ። አስተላላፊው ሲደክም ሰነዱ ምን ይሆናል? አንባቢ ይፍረድ።

ይህ ሲባል ግን ተመራማሪዎች ሁሉ ሐሰተኞች ናቸው ማለት አይደለም። ስሕተቱን ያጋለጡትም ተመራማሪዎች ናቸውና። የአውሮፓ ሐኪሞች ጉዳዩን ለመጨረሻ ጊዜ ለመለየት ባሚ የተባለ ሙከራ አቅደው 3,000 በሽተኞች ሊያካትቱ አሰቡ። የተገኙት 375 ብቻ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ የመቅኔ ሕዋስ ሞትን ስለ መቀነሱ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አልተቻለም። ዛሬ ብዙዎቹ ሐኪሞች የሚስማሙበት ይህ ነው፤ የተሰጠው ሕዋስ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ጥቅም ካለውም ራሱ ጡንቻ ሆኖ ሳይሆን ለቁስሉ ጎረቤት ሕዋሳት የሚያበረታታና እብጠት የሚቀንስ ንጥረ ነገር በመልቀቅ ነው። እንደ ለቀስተኛ ልንመስለው እንችላለን፤ የሞተውን አያስነሣም፣ የቀሩትን ግን ያጽናናል።

ሌላም መንገድ አለ። የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው ላይ፣ ተራ የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንድነት እንዲመለስ ማድረግ ችሏል፤ በ2012 ኖቤል ተሸልሟል። ከእንዲህ ያለው ሕዋስ እውነተኛ የሚመታ የልብ ጡንቻ በብልቃጥ ውስጥ ማሳደግ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከዚህ የተሠራ ስስ ሽፋን በአንድ በሽተኛ ልብ ላይ አኖሩ። በ2025 ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች በዝንጀሮና በአንዲት የ46 ዓመት ሴት ልብ ላይ የተለጠፈ ጡንቻ ሕያው ሆኖ መቆየቱን በኔቸር ጻፉ። ይህ ተስፋ ነው። በሁለት ሳምንት አክሞ የሚመልስ ገበያ ግን አይደለም።

ሸሪዓው ምን ይላል?

አባታችን ከሁሉ በፊት የጠየቁት «ሐላል ነው ወይ?» ብለው ነበር። ይህን ለአካባቢያችን ሸህ አቀረብን። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ባደረገው 17ኛ ስብሰባ ጉዳዩን በሰፊው ተመልክቶታል። ለሕክምና ወይም ለተፈቀደ ጥናት ከሆነ፣ ሕዋሱ የተገኘበት መንገድ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ፈቅዷል። ከአዋቂ ሰው በራሱ ፈቃድና ሳይጎዳ የተወሰደ፣ ከእንግዴ ልጅና ከእትብት በወላጆች ፈቃድ የተወሰደ፣ በራሱ ከወረደ ፅንስ የተወሰደ ከተፈቀዱት ውስጥ ናቸው። ያለ ሕጋዊ ምክንያት ሆን ተብሎ ከተቋረጠ ፅንስ የተወሰደና ሰውን በማባዛት ዘዴ የተገኘ ግን አይፈቀድም።

ሸሁ ይህን ካስረዱን በኋላ የጨመሩት ነገር ከልባችን አልወጣም። «ሐላል መሆኑ አንድ ጥያቄ ነው፤ የሚጠቅም መሆኑ ሌላ ጥያቄ ነው። ውሃም ሐላል ነው፤ ነገር ግን ውሃን ማር ነው ብሎ የሸጠ አጭበርብሯል» አሉን። ማር ለሚነግዱ ሰው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የሺራዙ ዜና

ፍለጋችንን ካደረግን በኋላም ነገሩን መከታተል አልተውንም። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት በኢራን የሺራዝ ከተማ ሆስፒታሎች የተደረገ ሙከራ አወጣ። በከባድ የልብ ሕመም የተመቱ 396 ሰዎች ተካተዋል። ለ136ቱ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ከእትብት ውስጥ ካለው ለስላሳ አካል የተገኘ ግንደ ሕዋስ በልብ ቧንቧቸው ተሰጣቸው። የቀሩት 260 የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ወደ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲከታተሏቸው ሕዋሱን በወሰዱት ዘንድ የልብ ድካም የመከሰቱ መጠን ከሌሎቹ ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ።

ይህ መልካም ዜና ነው፤ አልሐምዱ ሊላህ። እንደ ቆዳው ገልብጠን ስናየው ግን ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ በሞት መጠን በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ሁለተኛ፣ ሕዋሱ የተሰጠው ከሕመሙ በ3 እና በ7 ቀናት መካከል ነው፤ እንደ አባታችን ላሉ ጠባሳቸው ለጸና አሮጌ ሕሙማን አይደለም። ሦስተኛ፣ አንድ ሙከራ አንድ ምስክር ነው፤ ሌሎች ምስክሮች ሊከተሉት ይገባል። ይህን ዜና ይዞ «ተረጋገጠ» ብሎ የሚመጣ ደላላ ቢኖር እነዚህን ሦስቱን ጠይቁት።

ለደላላው ያቀረብነው ጥያቄ

እኛም በጊዜው የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርበን ነበር። ሕዋሱ ከየት የተገኘ ነው፤ ከራሳቸው ነው ወይስ ከሌላ? ሕክምናው በአገሩ የጤና ባለሥልጣን ተፈቅዷል ወይ? ሙከራ ከሆነ ለምን ገንዘብ ትጠይቃላችሁ? በእውነተኛ ሙከራ ውስጥ የገባ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ ለሚሞከረው ነገር አይከፍልምና። ውጤቱ የት ታትሟል? ችግር ቢፈጠር ከተመለሱ በኋላ ማን ይከታተላቸዋል?

ደላላው ለአንዱም አልመለሰም። «እምነት ይኑራችሁ» ብቻ አለን። እምነታችን በአላህ ነው፤ በደረሰኝ ላይ አይደለም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ግንደ ሕዋስ በሚባል ሕክምና ከስባቸው የተወሰደ ሕዋስ በዓይናቸው የተወጉ ሦስት ሴቶች ዓይናቸው መታወሩን በኋላ በሕክምና መጽሔት አንብበናል። ገንዘብ ከፍለው ነበር የገቡት። በሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ፣ ከሰቆጣ ቤቱን ሸጦ የሄደ ሽማግሌ ምን ይጠብቀዋል?

ቤቱ አልተሸጠም። በቁጠባ ያለውን ገንዘብ ለመድኃኒትና ለክትትል አዋልነው። አስፕሪን፣ የስብ መጠን የሚቀንሰው መድኃኒት፣ የልብን ጫና የሚያቀሉት ኪኒኖች፤ እነዚህ ዜና የማይሆኑ ተራ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ሰነዳቸው የጸና ነው፤ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተፈትነው ዕድሜ ሲጨምሩ ታይተዋል። አባታችን ዛሬ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ድነዋል አንልም። ልባቸው አሁንም ደካማ ነው፤ ሌሊት ሲያስሉ ሁላችንም እንነቃለን። ነገር ግን አሉ፤ እናታችንም ደጃፏ ላይ ነች።

ለእኛ የቀረበው ጥገና

ውድ አንባቢያን፣ የሩቁን ተስፋ ስንናፍቅ በእጃችን ያለውን እንዳንጥል ያስፈልጋል።

አንደኛው ጊዜ ነው። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ብርድ ብርድ የሚል ላብ፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ «ጨጓራ ነው»፣ «ምች ነው» እያልን አንቀመጥ። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ሕመሙ ሳይጎላ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። አስፕሪን የማይከለክላቸው ሰዎች አንድ ኪኒን አኝከው ወደ ሆስፒታል ቢፈጥኑ ሕይወት ሊተርፍ ይችላል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው በ12 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተሰጠ መጠን የሚተርፈው ጡንቻ ይበዛል። የሞተ ጡንቻ የሚያስነሣ ሕዋስ ከመጠበቅ ጡንቻው ሳይሞት መድረስ ይሻላል።

ሁለተኛው አኗኗራችን ነው። ሰቆጣ በድሮ ዘመን የአሞሌ ጨው ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ጨው ገንዘባችን ነበር። ዛሬ ሐኪም አባታችንን «ጨው ይቀንሱ» ሲላቸው «አያቶቼ በእርሱ ኖሩ፤ እኔ በእርሱ ልሞት ነው?» ብለው ቀለዱ። ቀልዱ ቢያስቅም ነገሩ እውነት ነው። ጨው የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ግፊት ደግሞ የልብ ጠላት ነው። ትምባሆም እንዲሁ። ጫትን በተመለከተ በየመን የተደረጉ ጥናቶች ቃሚዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመልክተዋል። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ!

ሦስተኛው የልጆቻችን ጉሮሮ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የልብ ሕመም በቧንቧ መደፈን የሚመጣው ሳይሆን ሳይታከም ከቀረ የቶንሲል ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው። ፔኒሲሊን በወቅቱ ቢሰጥ ይከላከለዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን ያቋቋሙት እነዚህ ልጆች አላስቀምጥ ብለዋቸው ነው፤ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። ማዕከሉን ከረዱት መካከል ግብፃዊው የልብ ቀዶ ሐኪም መጅዲ ያዕቁብ የመሠረቱት ቼይን ኦፍ ሆፕ የተባለው ድርጅት ይገኝበታል። እኚሁ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2007 ከመቅኔ ግንደ ሕዋስ የልብ በር የሚመስል አካል በቤተ ሙከራ ማሳደጋቸውን አስታውቀዋል። አንድ ሰው በአንድ እጁ የነገውን እየመረመረ በሌላ እጁ የዛሬውን ልጅ ሲያክም ማየት ትምህርት ይሆነናል።

አራተኛው የእናቶች ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች ሲወለዱና በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ሲያድጉ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የከተማችን ስም በአገር ደረጃ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ2015 በተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት የተገባ ቃል ነው። ብዙዎቻችን ይህን የሕፃናት ቁመት ጉዳይ ብቻ አድርገን እናየዋለን። እርጉዝ ሚስቱን በደንብ የሚመግብ ባል፣ ምራቷን ከከባድ ሸክም የምታሳርፍ አማት፣ ገና ላልተወለደው ልጅ የስልሳ ዓመት ልቡን እየጠበቁለት ነው። እትብት ለልብ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ከመቆረጡ በፊት የሚያልፍበት ምግብ ነው።

ለሕመም መድኃኒት መፈለግ ከተወኩል ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው እንጂ። መፈለግ ማለት ግን ያየነውን ሁሉ መግዛት አይደለም። በቤታችሁ የታመመ ወላጅ ካለ ከደላላ በፊት ሐኪሙን፣ ከመሸጥ በፊት ዓሊሙን፣ ከሁለቱም ጋር ደግሞ በሽተኛውን ራሱን ጠይቁ። ገንዘቡ የእርሱ ላብ ነው፤ ልቡም የእርሱ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ያሽርልን፤ አስታማሚዎችን ያበርታልን፤ ለተመራማሪዎችም ቀናውን መንገድ ይምራልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።